የአንሙት መንጋጋ

መጋቢት ፳፮ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ።

ጥርስ ሐኪሙ ትናንት ሄደ።

ውድ ታየች፣

ይህን የምጽፍልሽ ሐኪሙ ትቶት በሄደው ክፍል፣ በሽተኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ሌላ መቀመጫ የለም፤ አግዳሚውን ዛሬ ጠዋት ሰዎች ለማገዶ ወስደውታል። ወረቀቱ የእሱ ነው። ጀርባው ላይ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ተስሎበታል፤ የታከመው ጥርስ ምልክት የሚደረግበት ነበር።

የመጣሁት ጉጠት ልወስድ ነው። አርበኞቹ ገብተዋል። ከአለቆቻቸው አንዱ፣ ዓባይ የሚባል፣ ጉንጩ አብጦ ገበያው ዳር አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ሰው ጠቁሞት አስጠራኝ።

«የጣሊያን ጥርስ አውላቂ አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አትንቀጥቀጥ። ለነጩ ያደረግኸውን ለእኔም አድርግልኝ ነው የምልህ። ካሳመምኸኝ ግን እነዚህ ልጆች ያንተን በሰደፍ ይነቅሉልሃል።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «ጉጠቱን ላምጣ» ብዬ ተነሣሁ።

መንገድ ላይ የባልሽን ወንድም እንዳላማውን አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝ። «ታየች ነገ ትመጣለች፣ አያ» አለኝ። «ከደብረ ኤልያስ ሰዎች ጋር ተነሥታለች፤ መንገድ ላይ አድረው ረፋድ ላይ ይገባሉ። ከበላያ በኩል የመጣው የጃንሆይ ጦር ነገ ያልፋል ሲባል ሰምታ የአንሙትን ኩታ አጥባ ይዛለች። ፊቱን ሳላይ እህል አልቀምስም ብላለች።»

እዚህ ገብቼ ጉጠቱን አየሁት። መደርደሪያው ላይ ነው። አላነሣሁትም፤ ወረቀት ፈለግሁ።

ታየች፣ ባልሽ አንሙት ከሚመጣው ጦር ውስጥ የለም። መንገድ ዳር ቆመሽ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ፊት አትፈልጊ። አንሙት ሞቷል። የሞተው በኅዳር ነው፤ እኔም ከኅዳር ጀምሮ አውቃለሁ። ወደ በላያ ሄደ ብዬ የላክሁብሽ ቃል ውሸት ነበር።

እንዴት እንደሞተ ልንገርሽ። ሥራውን ካላወቅሽ ግን ጥፋቴን አታውቂውም፤ ስለዚህ ከሥራው ልጀምር።

የአባትሽ ወዳጅ ነኝ፤ ሱቄን ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። የሠርግሽን ጉትቻ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ጌጥ የሚያሠራ ጠፋ። ያለውም ሰው ጌጡን ቀበረው። ሐኪሙ፣ እኛ ካፒታኖ የምንለው፣ የተሰበረች ትንሽ መሰርሰሪያ የሚያበጅለት ሰው ሲፈልግ ወደ ሱቄ አመጡት። ሳበጅ እጄን ሲያይ ቆየና በማግስቱ ሰው ላከብኝ። ሄድሁ። ሚስቴ ቀድሪያ «ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። «ልጆቹ ምን ይበላሉ?» አልኋት። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ጠዋት ጠዋት መሣሪያዎቹን እቀቅላለሁ። በሽተኛው ሲቀመጥ ጥጥ ጠቅልዬ በጉንጩና በምላሱ በኩል እደግፋለሁ። ካፒታኖው ሲሰረስር እንደ ስፌት መኪና ያለውን መዘውር በእግሬ እነዳለሁ፤ ዓይኔ ግን እጁ ላይ ነው። መዳፉን ሲዘረጋ የሚፈልገው ዕቃ ሳይጠይቅ መድረስ አለበት። ከቋንቋቸው መጀመሪያ የያዝሁት ቃል «አሹቶ» ነው፤ ደረቅ ማለት ነው። የተሰረሰረው ጉድጓድ ምራቅ ከነካው ብሩ አይዝም። ቀኑን ሙሉ አሹቶ፣ አሹቶ ይለኝ ነበር።

ብሩን የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ። የብር ዱቄት እንደ ውሃ ከሚፈስሰው ብረት፣ ከባዜቃ ጋር በትንሽ የመስተዋት ሙቀጫ አሻለሁ። ለአንጥረኛ ባዜቃ እንግዳ አይደለም፤ ብር ላይ ወርቅ የምንለብጠው በእሱ ነው። እንደ ቅቤ ሲለሰልስ በጨርቅ አድርጌ ትርፉን ባዜቃ በአውራ ጣቴ እጨምቃለሁ። ሲጨመቅ ድምፅ አለው። አዲስ ጫማ የሚያወጣው ዓይነት፣ ቀጭን።

አምና ሰኔ ላይ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ፤ የካፒታኖው የብር ዱቄትም አለቀ። አንድ ጠዋት ማርትሬዛ ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ሞርደው» አለኝ። ሞረድሁት። በመጀመሪያው በሽተኛ ላይ ሠራንበት። በማግስቱ ሰውየው መንጋጋውን ይዞ እያቃሰተ መጣ። ማርትሬዛው ውስጥ መዳብ አለበት፤ ሲደርቅ ያብጣል። ካፒታኖው ከዚያ ወዲህ አዲስ ደንብ አወጣ። ጉድጓዱ እስከ አፉ አይሞላም፤ ብሩ ከጠርዙ ዝቅ ብሎ ይቀራል። በማግስቱ በሽተኛው ይመለሳል፤ ያበጠው ይሞረድለታል። ይህን ሦስት ጊዜ ነገረኝ። ሦስተኛውን ጊዜ ጣቱን ዓይኔ ሥር አቁሞ ነው።

አንሙት የመጣው በነሐሴ መጨረሻ ነው። የላክሽው አንቺ ነሽ፤ ይህን ራሱ ነግሮኛል። በአህያ ማር ጭኖ፣ የነጋዴ ወረቀት ይዞ፣ በቀን በከተማው በር በሰላም ገባ። ዕድሉ ሆኖ ካፒታኖው በወባ ተኝቶ ነበር። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

እዚህ፣ አሁን እኔ ባለሁበት ወንበር ላይ አስቀመጥሁትና አፉን በሐኪሙ ትንሽ መስተዋት አየሁት። የታችኛው የቀኝ መንጋጋ ነው፤ መሐሉ ተበልቷል፤ ግድግዳው ግን ጠንካራ ነበር።

«ንቀለው፣ አያ» አለኝ። «ታየችን አሰልችቻታለሁ። እንደ በሬ ታጓራለህ፣ ከበረት እደር ትለኛለች።»

«አይነቀልም። እሞላዋለሁ።»

«በምን?»

«በብር።»

«ወይ ጉድ! ጠመንጃ መግዣ አጥተን አንተ አፌ ውስጥ ብር ትቀብራለህ?»

«ገና ሠላሳ ዓመትህ ነው። ሃምሳ ዓመት ታኝክበታለህ። አፍህን ክፈት።»

«ካመመኝ እነክስሃለሁ።»

«አንሙት፣ ጉጠቱ እኔ እጅ ላይ መሆኑን አትርሳ።»

ታየች፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። መንቀል የጥቂት ጊዜ ሥራ ነበር። ነቅዬለት ቢሆን ደሙን በጨው ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ አንቺ ይመለስ ነበር። ያልነቀልሁት ለእሱ አዝኜ ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት የሌላ ሰው እጅ ስመለከት ኖሬ፣ አንድ ቀን በራሴ እጅ፣ ከሀገሬ ሰዎች በአንዱ ላይ መሥራት ፈልጌ ነው። ለመኮንኖቻቸው የሚደረገውን ለአንሙት ማድረግ አምሮኝ ነው።

በእግሬ እየነዳሁ በእጄ ሰረሰርሁ። ወንበሩን ጨምቆ ያዘ እንጂ አንድም ጊዜ አልጮኸም። አደረቅሁት። ብሩን አሸሁ፣ ጨመቅሁ፣ በትንሹ በትንሹ እየጠቀጠቅሁ ሞላሁት። እስከ ጠርዙ ሞላሁት። ሠላሳ ዓመት ጌጥ የሠራ እጅ ክፍተት መተው አያውቅም። ፈርጥ ከማቀፊያው ዝቅ ካለ የሚታማው አንጥረኛው ነው። ጠርዙን በጥፍር ቢፈትሹት እንዳይሰማ አድርጌ ደመደምሁና ወለወልሁት። እንደዚያ ያለ ሥራ ካፒታኖው ራሱ ሠርቶ አያውቅም። ደንቡ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

አንሙት መስተዋቷን ተቀብሎ አየና ሳቀ። «ታየች ጉትቻዬ አነሰ እንዳትል እንጂ!» አለ። ከዚያ አህያውን እየነዳ ሄደ።

የተሳሳትሁትን ያወቅሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው። ካፒታኖው ተሽሎት ተመልሶ፣ እሱ ዝቅ አድርጎ የሞላውን የአንድ አስካሪ ወታደር ጥርስ ትርፍ ሲሞርድ አቀባይ ሆኜ ቆሜ ነበር። ዝቅ ተደርጎ ተሞልቶ እንኳ ከጠርዙ በላይ ወጥቷል። ሞረዱ ከእጄ ወደቀ። «ምን ሆንህ?» አለኝ። «ምንም» አልሁት።

ያን ቀን ሰው ልልክብሽ እችል ነበር። «ተመልሶ ይምጣ፣ ልሞርድለት» ማለት ብቻ ነው። አልላክሁም። ምናልባት ላያብጥ ይችላል አልሁ። የእኔ እጅ ከእሱ እጅ ይሻላል ብዬም አስቤ ይሆናል።

ቀጥሎ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ጥርሱ ተሰነጠቀ፤ ድዱ መገለ፤ ፊቱ አበጠ። ፌጦ ደቁሰሽ እንዳሰርሽለት እንዳላማው ነግሮኛል። በኅዳር ሁለተኛው ቅዳሜ ሊያስነቅለው ተነሣ። ማር አልጫነም፤ መጫን የሚችልበት አቅም አልነበረውም። ትኩሳት ይዞት፣ ፊቱን በኩታ ጠቅልሎ ብቻውን መጣ። በር ላይ ያሉት ዘበኞች ፊቱን የሸፈነ ሰው ሲያዩ አስቁመው ገለጡት። አፉን አስከፈቱት። ብሩን አዩ።

ወደ እኛ አመጡት። በሽተኛ ይዣለሁ፤ ጥጥ እየጠቀለልሁ ነው። ቀና ስል በሩ ላይ በሁለት ዘበኛ መካከል ቆሟል። ግማሽ ፊቱ ሌላ ሰው ነበር። በደህናው ዓይኑ አየኝና ወዲያው ወደ ግድግዳው ዞረ።

አስተርጓሚው ፈንታም አብሯቸው ነበር። የዘበኞቹ አለቃ፣ ጣሊያናዊው ሃምሳ አለቃ፣ ካፒታኖውን በቋንቋቸው ጠየቀ፦ ይህ ያንተ ሥራ ነው? ካፒታኖው ቀርቦ መስተዋቷን አስገባ። ብዙ ጊዜ አየው። «የእኔ አይደለም» አለ። «እኔ እንዲህ አልሞላም።»

«ታዲያ ጎጃም ውስጥ ሌላ ጥርስ ሐኪም የት አለ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

ካፒታኖው መስተዋቷን ሳህኑ ላይ አኖረና ወደ እኔ ተመለከተ። የማርትሬዛው ብር ከፋብሪካው ዱቄት ይጠቁራል፤ ያን የሚያውቅ በዚህ ከተማ እሱና እኔ ብቻ ነን። አወቀኝ ይሆን? ዛሬም አላውቅም። እሱም አልተናገረም።

«አብዱልዋሂድ» አለኝ ፈንታ፣ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

ታየች፣ አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አውቀዋለሁ፣ የደብረ ኤልያስ ማር ነጋዴ ነው፣ ጥርሱን ሐኪሙ በሌለበት የሞላሁለት እኔ ነኝ ማለት። ይገርፉኝ ነበር። ያስሩኝም ነበር። እሱ ግን ጥርስ ያመመው ነጋዴ ሆኖ ይወጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም።

«አላውቀውም» አልሁ።

ፈንታ ወደ አንሙት ዞረ። «አንተስ ይህን ሰው ታውቀዋለህ? እሱ ነው የሠራልህ?»

አንሙት በዚያ ባበጠ አፉ ምራቁን ተፋና «ማን? ይህ?» አለ። «የእስላም እጅ አፌ ውስጥ? አፌን በምን ላጠምቀው ነው?»

ዘበኞቹ በሣቅ ፈነዱ። ፈንታም ሳቀ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ አመኑት። ቤቴ ውስጥ ቀድሪያ የጋገረችውን እንጀራ ሳይቀር ሲበላ ያደገ ሰው ነው። እንዲያ ብሎ እኔን ከጥርጣሬ አወጣኝ፤ እኔ ግን ጥጤን ይዤ ቆምሁ።

ሃምሳ አለቃው ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና የደረሰበት ይህ ነው፦ የካፒታኖው ሥራ ካልሆነ፣ ሌላም ሐኪም ከሌለ፣ ይህን ጥርስ የሠራው እንግሊዝ ነው። ስለዚህ ሰውየው ከሱዳን የመጣ ሰላይ ነው። የቀረውን መናገር አያስፈልግም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከምሽጉ በስተጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ በታች በጥይት ገደሉት። እስረኞች እዚያው ቀበሩት። ፍትሐት የለም፤ ካህን የለም። ከሩቅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ቦታውን አውቀዋለሁ። ድንጋይ አስቀምጬበታለሁ።

ከሳምንት በኋላ እንዳላማው መጣ። «ነቀልህለት?» አለኝ። «ነቀልሁለት» አልሁት። «የት ሄደ ታዲያ?» «ጠመንጃ ሊቀበሉ ወደ በላያ ከሚሄዱት ጋር ሄደ። ለታየች ንገራት ብሎኛል።» ውሸቱ እንዴት በአንድ ጊዜ እንዲያ ተሟልቶ እንደወጣ እኔም ገረመኝ። እንዳላማው ደስ ብሎት ሄደ። አንቺ በጥምቀት ሰሞን አንድ እንስራ ማር ላክሽልኝ። «ለእጅህ ነው ብላለች» አለኝ ያመጣው ሰው። ቀድሪያ ልትከፍተው ስትል ጮኽሁባት። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ግን በማኝክበት ጊዜ ታየኛለች።

የማኝከው በግራ በኩል ነውና። በታኅሣሥ የታችኛው የቀኝ መንጋጋዬ ያመኝ ጀመር። ካፒታኖውን ለመንሁት፤ እዚሁ አስቀምጦ በመስተዋቷ እጀታ እያንዳንዱን ጥርስ ቀጠቀጠ። «ምንም የለበትም፤ ጤነኛ ጥርስ ነው» አለኝ። በሌላ ቀንም ለመንሁት። እንደዚያው አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ንቀልልኝ ስለው ፊቴን አየና «ጥርስህ አይደለም» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አግዳሚው ላይ ፊቱን የጠቀለለ ሰው ከተቀመጠ ተራው ደርሶ እስኪገባ ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሣት አልችልም ነበር። ሁለት ጊዜ ብሩን አርጥቤ አበላሸሁት። ጨርቁን ስጨምቅ ድምፁ ስለሚሰማኝ በመጨረሻ ጨርቁን ለካፒታኖው ሰጠሁት፤ እሱ ራሱ ጨመቀው። ምንም አላለኝም። ትናንት ሲሄድም ምንም አላለኝም።

እስከዚህ ጽፌ አንድ ነገር አቆመኝ። ይህን ደብዳቤ አንቺ አታነቢውም። ለአንድ መሪጌታ ይሰጥና በሰው መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልሻል። የባልሽን ሞት ከማያውቀው ሰው አፍ ትሰሚያለሽ። እኔም እዚህ ሆኜ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም እላለሁ።

ስለዚህ አልልከውም። ይዤው እመጣለሁ። ምላሴ እንቢ ካለኝ ራሴ አነብልሻለሁ። ከተማው ሳትደርሺ፣ ኩታውን ሳትዘረጊ እንዳገኝሽ አሁኑኑ መነሣት አለብኝ። ከዚያ በኋላ አብረውሽ ላሉት፣ ጠመንጃ ለያዙት ለአንሙት ጓደኞች ብትነግሪያቸው መብትሽ ነው። ከመንገድ አልሸሽም። ከሁሉ በፊት ግን ቦታውን ላሳይሽ፤ ካህን አስመጥተሽ አንሥተሽ ወደ ደብርሽ ውሰጂው። ይህን ብቻ እለምንሻለሁ።

ዓባይ በረንዳው ላይ እየጠበቀኝ ነው። ከልጆቹ አንዱ ደጃፉ ላይ ቆሞ «አንተ አንጥረኛ! ጉጠቱን እየቀጠቀጥህ ነው እንዴ የምትሠራው?» ይለኛል። ጉጠቱ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው። ይግባና ይውሰደው። እኔ በጓሮ በር ወደ ደብረ ኤልያስ መንገድ ወጣሁ።

አብዱልዋሂድ